የወለላ ንጹሕ ወረቀት

ትናንት በጠራራ ፀሐይ ሕልም አየሁ። ሕልም የሚያዘወትረኝ ሰው አይደለሁም፤ አንዳንዴ ባይም ፊቴን ስታጠብ አብሮ ይሄዳል። ይኼኛው አልሄደም። እንዳለ እነግራለሁ።

መጀመሪያ ሥራዬን ልናገር። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ የሥዕልና የዲዛይን ክፍል ሞዴል ነኝ። መድረክ ላይ ወንበር ይደረግልኛል፣ እቀመጣለሁ፣ ተማሪዎች ከበው ይሥሉኛል። ድንበሩ እባላለሁ፤ ልጆቹ ጋሼ ይሉኛል። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ በሥዕል ላይ አልፈርድም። ግን ተቀምጬ አያለሁ። እነሱ እኔን የሚያዩትን ያህል እኔም አያቸዋለሁ።

ከመካከላቸው ወለላ የምትባል የሁለተኛ ዓመት ተማሪ አለች። አምና እግሬን ከበር አስበልጣ ሣለችው። ክፍሉ ሳቀባት። እኔ ግን እግሬን አወቅሁት፤ ማታ ማታ ያን ያህል ይከብደኛል። ዘንድሮ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። አንድ ሥራ ከወደቀች ከትምህርት ቤቱ ትወጣለች። ከዚያ ወዲህ መሥመር ትፈራለች። ታሰምራለች፣ ታጠፋለች፣ ደግማ ታሰምራለች፣ ወረቀቱ እስኪሳሳ። አንድ ቀን ላጲሱ ወረቀቱን ቀዶ አለፈ። አላለቀሰችም። ቀዳዳውን በመዳፏ ሸፍና ደወል እስኪደወል ተቀመጠች።

ይኼን በሆዴ ይዤ ነው ሕልሙ ውስጥ የገባሁት።

በሕልሜ የግቢው በር ላይ ረጅም ሰልፍ ነበር። የተሰለፉት መምህራን ናቸው። ጥበቃው ሽብሩ በእውኑም ቦርሳ ይፈትሻል፤ በሕልሜም ይፈትሽ ነበር። ጥያቄው ግን ሌላ ነው።

«ምን አበላሽተሃል?» ይላል።

አንዱ የተሰነጠቀ ማሰሮ አሳየው። አሳለፈው። አንዲት ሴት ሁለቱም እጅጌዎቹ በአንድ ጎን የተሰፉ ኮት አሳየችው። ሽብሩ ኮቱን ገልብጦ አየና ኮፍያውን አወለቀላት።

«ግቢ፣ እመቤቴ» አለ።

ከፊቴ የቆመው መምህር ጉልላት ነበር፣ የእኛው ክፍል መምህር። ሱፉ ተተኩሷል። ጫማው ያበራል። እጁ ላይ ምንም የለም።

«ዛሬ ምንም?» አለው ሽብሩ።

«ምንም አልተበላሸብኝም።»

«ትናንትስ?»

«ትናንትም።»

«ወንድሜ፣ እንዲህ ሆነህ እንዴት አስገባሃለሁ? ልጆች እኮ ያዩሃል።»

መምህር ጉልላት ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ጋሼ፣ እባክዎ የሆነ ነገር ይስጡኝ። የተጣመመ ሚስማርም ቢሆን።»

እጄን ኪሴ ከተትኩ። ግማሽ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ አገኘሁ። ሰጠሁት። በሁለት እጁ ተቀበለኝና ደረቱ ላይ አድርጎት ገባ። ሽብሩ እኔን አልጠየቀኝም።

«የእርስዎ ፊትዎ ላይ አለ» አለኝ።

ግቢው ውስጥ የተሸለሙት ሥዕሎች መሬት ላይ ተነጥፈው ጫማ ይጠረግባቸዋል። የተቀደዱት፣ ቀለም የፈሰሰባቸው፣ ግማሽ ላይ የቆሙት በወርቅማ ፍሬም ተሰቅለዋል። አንድ አባት ልጁን በእጁ እየጎተተ መጣ። ልጁ ነጭ የሐኪም ጋውን ለብሷል፤ ሊያመልጥ ይታገላል።

«ሐኪም ካልሆንኩ አለኝ» አለ አባትየው ላገኘው ሰው ሁሉ። «በምን ዓይኔ ጎረቤት አያለሁ? ቢያንስ ጭቃ ያቡካ።»

ሰዎች ከንፈር መጠጡለት።

በአዳራሹ ሰዎች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ ሥዕሎች በፊታቸው እየተዘዋወሩ ያዩዋቸዋል። እኔም ጥግ ይዤ ቆምኩ። አንድ ትልቅ የተራራ ሥዕል መነጽሩን አስተካክሎ ፊቴ ቆመ።

«ይኼ አላለቀም» አለ ለጓደኛው።

ጓደኛው የሎሚ ሥዕል ነው። «እኔ ደግሞ የወደድኩት ስላላለቀ ነው» አለ።

አለፉ። ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

ኮሪደሩ ላይ ፈታኞች ተራ ይጠብቁ ነበር። ውስጥ ያሉት ተማሪዎች እያስገቡ ይፈትኗቸዋል። አንድ ራሰ በራ ፈታኝ ላብ አጥምቆት ወጣ። ሌሎቹ ከበቡት።

«ምን ጠየቁህ?»

«የማታውቀውን ንገረን አሉኝ።»

«ነገርካቸው?»

«የማውቀውን ተናገርኩ። የወደቅሁ ይመስለኛል።»

ደረጃውን ወጣሁ፤ ስወጣ ምድር ቤት ደረስኩ። የእኛ ክፍል እዚያ ነው። ፈተና ላይ ነበሩ። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው የእጃቸው አንጓ በክር ታስሯል። ለሁለት አንድ ከሰል ነው የተሰጣቸው። ወረቀቱ ለሁሉም አንድ ነው፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጋ። ለሚፈሩ ልጆች ብቻ ትናንሽ ወረቀት ለብቻ ይታደላል።

ጠረጴዛ ሥር አንድ ልጅ ተደብቆ ሲሥል ተያዘ። ጃለታ ነው። በእውኑ ከወለላ አጠገብ የሚቀመጥ ቀልደኛ ልጅ ነው። የያዘችው ፈታኝ ወፍራም ሴት ናት፣ በጆሮዋ ብሩሽ ሰክታለች።

«ብቻህን ነው የሠራኸው?» አለችው።

«ኧረ ኮርጄ ነው።»

«ከማን?»

«ከሱ። ከሷም ትንሽ።»

«ዓይኔን እያየህ ተናገር።»

ጃለታ አንገቱን ደፋ። «ከማንም አልኮረጅኩም» አለ።

ልጆቹ አዘኑለት። ሴትየዋ ግን አልተቆጣችም። ጠረጴዛው ሥር እንደ ምንም ገባችና አጠገቡ ተቀመጠች። ክር አወጣች፣ የሱን እጅ ከራሷ ጋር አሰረች።

«አይዞህ። እኔም በልጅነቴ እንዲህ ያደርገኝ ነበር» አለችው።

ወደ ቦታዬ ሄድኩ። ወንበሬ መድረኩ ላይ ይጠብቀኛል። ልቀመጥበት ስል ወደ ኋላ ሸሸ።

«ዛሬ ተራው የኔ ነው» አለኝ።

ምን አደርጋለሁ። መድረኩ ላይ ቁጭ አልኩ፣ ወንበሩ ጭኔ ላይ ተቀመጠ። አይከብድም። ልጆቹ እሱን መሣል ጀመሩ። እግሮቹን ያወዛውዛል።

«አትንቀሳቀስ» አልኩት።

«ጀርባዬን በላኝ።»

አከክሁለት። ተረጋጋ።

በዚህ መሀል ዲኗ መጣች። ዲኗ ዶሮ ናት። በቅርጫት ተቀምጣ አራት ፕሮፌሰሮች ተሸክመዋታል፤ እንቁላል ታቅፋለች። ቆመው የነበሩት ሁሉ ለክብሯ ቁጭ አሉ።

«ንጹሕ ወረቀት ያለው ማነው?» አለች።

ዓይን ሁሉ ወደ ጥግ ዞረ። ወለላ እዚያ ነበረች። አንጓዋ ላይ ክር የለም። ትንሿን ወረቀት ጉልበቷ ላይ ይዛለች። አንድ ነጥብ አልነካትም።

«ልጄ፣ ሕጉን ታውቂያለሽ» አለች ዲኗ። ድምፅዋ ክፋት የለውም። «ደወል ሲደወል ከሰው ጋር ያበላሸሽው ነገር ከሌለ ከዚህ ትወጫለሽ። እኔም አዝናለሁ፣ ግን ትወጫለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ያዘሽ?»

«እጄ እምቢ አለኝ» አለች ወለላ።

ዲኗ ክፍሉን ዞራ አየች። «ማን ያግዛታል?»

ሁሉም ከሰው ጋር ታስሯል። ጃለታ እጁን አነሣ፤ የፈታኟም እጅ አብሮ ተነሣ። ተያዩና ሁለቱም አወረዱት። ዲኗ ወደ መድረኩ ቀና አለች።

«ጋሼ ድንበሩ፣ እርስዎስ?»

«እኔ ሠዓሊ አይደለሁም» አልኳት። «የኔ ሥራ መቀመጥ ነው።»

«የኔስ?» አለች።

ክንፏን ገለጥ አድርጋ እንቁላሎቹን አሳየችኝ። አንዱ የራሷ ይመስላል። አንዱ የጅግራ ነው። አንዱ ሰማያዊ ነው። አንደኛው ግን ረዘም ያለ ነው፣ አላማረኝም።

«ከነዚህ ምንድነው የሚፈለፈለው?» አልኳት።

«አላውቅም።»

«ሳያውቁ ነው የታቀፏቸው?»

«ባውቅማ ምን ያስቀምጠኛል? ሄጄ ጥሬ አልለቅምም?»

«ያ ረጅሙ አዞ ቢሆንስ?»

«አዞም ሲፈለፈል ይበርደዋል» አለች፣ ክንፏንም መልሳ ከደነች።

ወንበሩን ከጭኔ አነሣሁና በቀስታ መሬት አስቀመጥኩት። አላጉረመረመም።

ወለላ ያለችው ማዶ ነው፤ ስነሣ ግን ክፍሉ ረዘመ። በእግር የሚደረስ አልሆነም። ታክሲ ያዝኩ። ሹፌሩ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቆሎ ይበላል። መሪውን ተሳፋሪዎች ነን የምንይዘው፤ አንዱ ሲደክመው ለሌላው ያቀብላል። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ይጣራል።

«የት እንደሚሄድ የሚያውቅ አለ? የሚያውቅ ይውረድ።»

አንድ ሰውዬ መርካቶ እንደሚሄድ አመነና ወረደ። በሩ ላይ ቆሞ «ልቀይር እችላለሁ እኮ» አለ። ረዳቱ በሩን ዘጋበት።

በመስኮት ከተማውን አየሁ። ሕንፃዎቹ ጣሪያቸውን መሬት አስነክተው ተገልብጠዋል። ዙሪያቸውን መሐንዲሶች፣ ግንበኞች፣ ተማሪዎች ተደባልቀው በትከሻቸው ደግፈዋል። ማን የቱ እንደሆነ አይለይም።

«ደከማችሁ?» አልኳቸው።

«በጣም» አለ አንዱ። «አንድ ሰው ከለቀቀ ይወድቃል። ምሳ የምንበላው ተጎራርሰን ነው።»

እያወራኝ ከጎኑ ያለችው ልጅ አጎረሰችው። ንግግሩ ተቋረጠ። መሪው እኔ ጋ ደርሶ ስለነበር ታክሲውን አዞርኩ፣ ወለላ እግር ሥር ቆመ። ወረድኩ።

«ጋሼ» አለችኝ። «እርስዎ ለምን መጡ?»

«ላበላሽ።»

«ይችሉበታል?»

«ኧረ እኔ።»

ፈገግ አለች። አጠገቧ ተቀመጥኩና እጇን ያዝኩ። ቀዝቅዟል። የኔ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ዘንድሮ የጀመረኝ ነው። ለማንም አልተናገርኩም፤ ስቀመጥ ጉልበቴን ጨበጥ ስለማደርግ አይታይም። እሷ አወቀችው።

«ይንቀጠቀጣል እኮ» አለች።

«ያንቺስ?»

«የኔም።»

«እንግዲያው ይስማማሉ።»

ከሰሉን ሁለታችን ያዝነው። እኔ ወደ ቀኝ ስል እሷ ወደ ግራ ትላለች። ወረቀቱን ነካነው። መጀመሪያ ነጥብ ሆነ። ከዚያ ነጥቡ ተንፏቀቀ፣ መሥመር ሆነ፣ ተጣመመ። ወለላ ልታጠፋው እጇን ሰደደች። ላጲስ የለም።

«አሁን ምን ይሁን?» አለች።

«ይቀጥል።»

ቀጠለ። ከወረቀቱ ወጣ። ጉልበቷን አልፎ ወለሉ ላይ ወረደ፣ ትልቁን የጋራ ወረቀት አቋረጠ፣ የልጆቹን ሥዕሎች አንድ በአንድ እየነካ ሄደ። ሥዕሉ የተነካበት ሁሉ እየተነሣ ተከተለን። ጃለታ ወፍራሟን ፈታኝ እየጎተተ ይሮጣል። ያ ነጭ ጋውን የለበሰ ልጅ እንኳ ከአባቱ እጅ ሳይወጣ ተቀላቀለ። መምህር ጉልላት ሱፉ በከሰል ጠቁሮ ከኋላ ይመጣል። ሊያርመን ይሁን ሊያግዘን አላወቅሁም፤ እሱም ያወቀ አይመስልም። መሥመሩ ግድግዳውን ወጣ፣ መስኮቱን አለፈ፣ ሰማይ ላይ ዋለ።

ወለላ ዞራ አየችኝ። ጉንጯ ጠቁሯል።

«ጋሼ፣ ምንድነው የምንሥለው?»

«እኔ እንጃ። አንቺስ?»

«እኔም እንጃ» አለች፣ ሳቀችም። ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። ድምፅ የሌለው ሳቅ ነው፤ ትከሻዋ ብቻ ይነቃነቃል።

ከበስተኋላችን ዲኗ «ዝም በሉ» አለች። ሁላችን ቆምን። ከክንፏ ሥር አንድ ነገር ጠቅ ጠቅ አደረገ። ቅርፊት ሲሰነጠቅ ተሰማ።

«ይኼ ማነው?» አለ አንድ ድምፅ።

ከእንቁላሉ ለወጣው መሰለኝ። ለማየት አንገቴን አሰገግሁ። ነቃሁ።

«ይኼ ማነው?» አለ መምህር ጉልላት እንደገና።

ወንበሬ ላይ ነበርኩ። ሰዓቱ ከቀትር በኋላ ነው፤ የመስኮቱ ፀሐይ ጭኔ ላይ አርፏል። ሥራዬ ላይ እንቅልፍ ወስዶኛል። ሆኖብኝ አያውቅም። ራሴ ትከሻዬ ላይ ወድቋል። አንድ እጄ ከወንበሩ ተንጠልጥሎ ይንቀጠቀጣል። አፌ ተከፍቷል፣ ምራቄ ጢሜ ላይ ወርዷል። ቀና አልኩ፣ አፌን ጠረግሁ፣ ጉልበቴን ጨበጥኩ።

መምህር ጉልላት ወጥቶ ተመልሶ መሰለኝ፣ ወለላ ኋላ ቆሟል። የምትሥልበትን ሰሌዳ አንሥቶ ወደ ክፍሉ አዞረው።

«ማነው ይኼ?»

«ጋሼ ድንበሩ ናቸው» አለች ወለላ።

እኔ ነበርኩ። የተኛሁት እኔ። በወፍራም ከሰል፣ በረጅም መሥመር። የተንጠለጠለው እጅ ሦስት አራት ጊዜ ተደራርቦ ተሥሏል፤ መንቀጥቀጡ ይታያል። ላጲስ የነካው ቦታ አልነበረም።

መምህሩ የሌሎቹንም አዞረ። በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ሽማግሌ አለ። ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፣ ዓይኑ ተገልጧል፣ ሁለት እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው። እኔ ተኝቼ ሳለ ክፍሉ በሙሉ የሌለ ሰውዬ ሲሥል ቆይቷል።

«የሰጠኋችሁ አቀማመጥ የቱ ነው?» አላት።

«ተኝተው ነበር፣ መምህር።»

«ሌሎቹ አላዩዋቸውም?»

ጃለታ ጉሮሮውን ጠረገ። «አይተናል መምህር። ፈርተን ነው።»

አንዳንዱ ሳቀ። መምህር ጉልላት አልሳቀም። ክፉ ሰው አይደለም። የተሰጠ ነገር ሲዛነፍ የሚያመው ሰው ነው።

«ወለላ፣ የት ላይ እንዳለሽ ታውቂያለሽ» አለ ዝቅ ብሎ። «ከሞዴሉ ጋር የማይገናኝ ሥራ ማሳለፍ አልችልም። ጊዜ አለሽ። ደወል እስኪደወል አስተካክይው። ካልሆነ እንደወደቀ ነው የምይዝልሽ።» ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ ቀጥ ብለው ይቀመጡልን።»

ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ሰውነቴ ለምዶታል፣ ሳልጠይቀው ያደርገዋል። ልጆቹ ወደየወረቀታቸው ተመለሱ። ወለላ ላጲሱን አነሣች። የት እንደምትጀምር ፈለገች። የተንጠለጠለው እጅ ላይ አሳረፈችው።

«መምህር» አልኩ።

መድረክ ላይ ሆኜ ተናግሬ አላውቅም። ሁሉም ቀና አለ።

«ምነው ጋሼ? አመመዎት?»

«ይኼ አቀማመጥ አልሆነኝም። ያኛው ይሁንልኝ።»

«የቱ?»

ጉልበቴን ለቀቅሁ። እጄ ከወንበሩ ወረደ፣ ተንጠለጠለ፣ መንቀጥቀጡን ጀመረ። አልከለከልኩትም። ራሴን ወደ ትከሻዬ ጣልኩት።

«ጋሼ ድንበሩ» አለ መምህሩ። «ልጆቹ በሙሉ ሌላ ወረቀት ሊያወጡ ነው እኮ። ቀኑን ሙሉ የደከሙበት ነው።»

«ያውጡ።»

«ነገ ሌላ ሞዴል ልጠራ እችላለሁ።»

«ይጥሩ» አልኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ከዚህ በኋላ የሰማሁትን ነው የምናገረው። መጀመሪያ አንድ ወረቀት ከሰሌዳ ሲላቀቅ ሰማሁ። ቀጥሎ ሌላ። የመምህሩ ጫማ ወደ መስኮቱ ሄዶ ቆመ። አልፈቀደም፣ አልከለከለም።

«ወለላ» አለ የጃለታ ድምፅ። «እጃቸው እስከ የት ነበር የወረደው?»

«ከወንበሩ ማገር ዝቅ ብሎ።»

«አልገባኝም።»

«ና እይ።»

ወንበር ተንቀሳቀሰ። በዚያ ክፍል ሰው ተነሥቶ የሌላውን ሥራ ሲያይ አጋጥሞኝ አያውቅም። አንድ ተነሣ። ሦስት አራት ሰው ተነሣ። ዙሪያዋን ይንሾካሾካሉ። ላጲሱ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ።

«ጋሼ» አለች ወለላ። አፍራለች። «ይቅርታ ያድርጉልኝና... አፍዎም ተከፍቶ ነበር።»

ከሁሉም እሱ ከበደኝ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በልጆች ፊት፣ ነቅቼ።

ከፈትኩት።